ከማለቡ ማየቱ ይበልጣል

ፍየል አረባለሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «በቀን ስንት ሊትር ትታለባለች?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ሳነን ወይም አልፓይን የሚባሉት ዓይነት ጥሩ የወተት ዝርያዎች፣ በደንብ ከበሉና ጤነኛ ከሆኑ፣ በወለዱ ሰሞን በቀን 3 ሊትርና ከዚያም በላይ ይሰጣሉ። እየቆየ ይቀንሳል። መልሱ ይኸው ነው። ቆሜ ሳያቸው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብኝ የጠየቀኝ ግን የለም። ጊዜዬን የሚበላው ደግሞ እሱ ነው። ማለቡንማ እጁ የለመደ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍየል በሽታዋን ትደብቃለች። በአውሬ የምትታደን እንስሳ ስለሆነች ደክማ መታየት አይበጃትም። ስለዚህ እግሯ እስኪከዳት ድረስ ምንም እንዳልሆነች ሆና፣ ከመንጋው ጋር እየበላች፣ አንዳንዴም እየተዋጋች ትውላለች። ማንም አላፊ አግዳሚ «ይቺ ታማለች» ሊል በሚችልበት ቀን ብዙ ጊዜ ረፍዷል። እንግዲህ ቀድሞ ለመድረስ አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ ደህና በሆነችበት ቀን እንዴት እንደምትቆም፣ እንዴት እንደምትጮህ፣ ማንን እንደምትወጋና ከማን እንደምትሸሽ ማወቅ።

ጠዋት ጋጣው ጋ ስደርስ ባልዲውን መሬት አስቀምጬ ትንሽ እቆማለሁ። ቦራ ሁልጊዜ ከፊት ናት። የመንጋው እመቤት እሷ ስለሆነች ማንም አይቀድማትም፤ ልሞክር ያለ ካለ ቀንዷን ይቀምሳል። ሻሼ ከኋላዋ ትከተላለች። ዳለቻ ደግሞ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ማን ይቸኩላል በሚል አረማመድ እየተንጎራደደች ትወጣለች። ይህ ሰልፍ ከተዛባ ምክንያት አለው። ቦራ ሦስተኛ ሆና ከወጣች ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቼ እሷን ነው የምይዘው።

ይዤ ምን አያለሁ? መጀመሪያ ግራ ጎኗን። የጨጓራዋ ትልቁ ክፍል በግራ በኩል ስለሆነ ሆዷ በጋዝ ከተነፋ እዚያ ያስታውቃል፤ እንደ ከበሮ ይወጠራል። መዳፌን የጎድን አጥንቷ ካለቀበት ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ አሳርፌ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ጤነኛ ከሆነች ጨጓራዋ በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ ይንከባለልና እጄን ገፋ ያደርገዋል። ካልገፋኝ ጨጓራው ሥራ አቁሟል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። ቀጥሎ ቴርሞሜትር። የፍየል ሙቀት ከሰው ከፍ ይላል፣ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፀሐይ ላይ ሳትውል ከ40 ካለፈ ትኩሳት ነው። ከ38 ከወረደ ግን ከትኩሳቱም በላይ ያስፈራኛል፤ ጉልበቷ እያለቀ ነው ማለት ነውና ሐኪም የምጠራው ያኔውኑ ነው።

በጠጡንም አያለሁ። ሰው ቤቱን ሊያሳየኝ ሲወስደኝ እንኳ ዓይኔ የሚሄደው መሬት መሬት ነው፣ አመል ሆኖብኛል። ፍሬ ፍሬ ሆኖ፣ ክብና ወዝ ያለው ከሆነ ሰላም ነው። ተጣብቆ አንድ ላይ ከወጣ ምግብ ተለውጦባታል ወይም እህል በዝቶባታል። ቀጥኖ ጅራቷ ሥር ከደረቀ ደግሞ ሌላ ምርመራ ይጀመራል። ደስ የሚለኝ ግን ቀትር ላይ ጥላ ሥር ጋደም ብለው ዓይናቸውን ከደን አድርገው ሲያመነዥኩ ማየት ነው። የሚያመነዥክ መንጋ ካያችሁ ለዚያች ሰዓት ሌላ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ።

አለባው ራሱ እኮ ግማሹ ምርመራ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት። ከፍ ያለች የእንጨት መቆሚያ አለችኝ፤ ፍየሏ ወጥታ አንገቷን ታስገባለች፣ ከፊቷ ትንሽ እህል አለ፣ እኔ ጎኗ ላይ ቁጭ እላለሁ። ግቷን በለብ ያለ ውሃ አጥቤ አደርቃለሁ፤ ለእያንዳንዷ የየራሷ ንጹሕ ጨርቅ አለ፣ የአንዷ በሽታ በጨርቅ ወደ ሌላዋ እንዳይዞር። ፍየል ያላት ሁለት ጡት ብቻ ነው። ከሁለቱም መጀመሪያ የሚወጣውን ትንሽ ወተት ባልዲው ውስጥ አልጨምረውም፣ ጥቁር ኩባያ ላይ አልበዋለሁ። ለምን ጥቁር? ፍርፍር ያለ ነገር፣ ክር የሚመስል ነገር ወይም ውሃ ውሃ ያለ ወተት ካለ በጥቁሩ ላይ ጎልቶ ይታያል። የጡት በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚህ ነው። ከዚያም በፊት እጅ ያውቃል። አንደኛው ጎን ከሌላው ሞቅ ካለ፣ ወይም ጠጠር ያለ ነገር ከተሰማኝ፣ ወተቱ ገና ምንም ባይሆንም ያቺን ፍየል ከሁሉም በኋላ አልባታለሁ፤ ወተቷንም ለብቻው አስቀምጣለሁ።

አስተላለቡን የሚጠይቁኝ አሉ። መጎተት የለም። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት የጡቱን ሥር ከላይ ጥብቅ አድርጎ መዝጋት፣ ከዚያ የቀሩትን ጣቶች ከላይ ወደ ታች በተራ በተራ መጭመቅ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መዝጋት። ከላይ ካልተዘጋ ወተቱ ወደ ግቱ ተመልሶ ይሄዳል፤ ፍየሏም ያማታል፣ እግሯም ወደ ባልዲው ይመጣል። ባዶ ባልዲ ላይ የሚያርፈው የመጀመሪያው ወተት ድምፁ ቀጭንና ስል ነው። አረፋ መያዝ ሲጀምር ድምፁ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል። እኔ አሁን ባልዲውን ሳላይ በድምፁ ብቻ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ ግቱን በመዳፌ ከሥር ወደ ላይ ቀስ እያልኩ ገፋ ገፋ አደርገዋለሁ። ግልገልም ሲጠባ በጭንቅላቱ የሚመታት ለዚህ ነው፤ የቀረውን ወተት እንድትለቅለት።

ስጨርስ ጡቶቿን ፀረ ተሕዋስያን ውስጥ ነክሬ ከመቆሚያው አወርዳታለሁ። አዲስ ድርቆሽ የማቀርበውም ያኔ ነው። ይህ ለደግነት ብቻ አይደለም። የጡቱ ቀዳዳ ከታለበች በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ አይዘጋም፤ በዚያች ሰዓት ፍግ ላይ ከተኛች ተሕዋሱ መግቢያ አገኘ ማለት ነው። ድርቆሽ ካለ ግን ቆማ ትበላለች።

ወተቱን አጥልዬ ወዲያው ማቀዝቀዝ ነው። «የፍየል ወተት ይሸታል» ለሚሉኝ ሰዎች ሁልጊዜ የምለው፣ ንጹሕ ሆኖ ቶሎ የቀዘቀዘ ወተት አይሸትም ነው። የሚሸተው አውራው ነው! ሴቶቹ አውራ በሚፈልጉበት ሰሞን የራሱን ጺምና የፊት እግሮቹን በሽንቱ ያጥባል፤ ከቀንዱ ኋላ ደግሞ ጠረን የሚያመነጭ ዕጢ አለው። እሱ በበኩሉ ሽቶ ተቀብቶ የወጣ ይመስለዋል። ለዚህ ነው ለብቻው የሚኖረው፤ እሱን የነካሁበትን ልብስ ለብሼም አላልብም። ወተቱ ንጣቱ የሚገርማቸውም አሉ። ፍየል በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ቢጫ ቀለም፣ ቤታ ካሮቲኑን፣ ሰውነቷ ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ስለምትለውጠው ወተቷ እንደ ላም ወተት ወደ ቢጫ አያደላም። ቅባቱም ደቃቅ ስለሆነ እንደ ላሟ ቶሎ ብሎ ከላይ አይንሳፈፍም። ጥሬው አይጠጣም፣ በዚህ ላይ አልደራደርም። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የፍየሉ ዓይነት ደግሞ በሰው ላይ ክፉ ከሚባሉት ውስጥ ነው። 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ወይም 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ፤ ቴርሞሜትር ከሌለ ማፍላት ነው።

አሁን ወደ ምግባቸው። «ፍየል ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች» የሚባለውን የፈጠረው ፍየል ኖሮት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። የላይኛው ከንፈሯ እንደ ልብ ስለሚንቀሳቀስ ነገርን የምትመረምረው በከንፈሯ ነው። ወረቀቱንም፣ የሸሚዝ ቁልፉንም፣ የስልክ ገመዱንም ትቀምሳለች። መቅመስ ግን መብላት አይደለም። ከግርግሙ መሬት የወደቀ ድርቆሽ አንዴ ከተረገጠ ዞር ብላም አታየውም። ሳር ከመጋጥ ይልቅ ቀና ብላ ቁጥቋጦ መቀንጠብ ትወዳለች፤ በኋላ እግሯ ቆማ ቅርንጫፉን በፊት እግሯ ወደ ታች ትጫነዋለች። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ የተባለው እውነት ነው፣ አዲስ ቦታ ስወስዳቸው ዙሪያቸውን እንኳ ሳያዩ ይጀምራሉ። ስለዚህ ቀድሞ ማየት የኔ ፋንታ ነው። የአቮካዶ ቅጠል ለፍየል መርዝ ነው። ኦሊያንደር የሚባለው የጌጥ ተክል ደግሞ ጥቂት ቅጠሉ ይገድላል፤ ደርቆም መርዝነቱ አይለቀውም። የፍራፍሬ ዛፍ ካላችሁ ደግሞ አጥሩን አጠንክሩት፣ ቅጠሉ ሲያልቅ ልጡን ይልጡታልና ዛፉ ይደርቃል።

የእህል ክፍሉ በር ላይ ሁለት መቀርቀሪያ አለ። አንዱን ቦራ በከንፈሯ ስለምትከፍተው ነው። ሳቅ ቢመስልም ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ፍየል ያልለመደችውን ብዙ እህል በአንድ ጊዜ ከበላች ጨጓራዋ ውስጥ አሲድ ይሞላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ልትሞት ትችላለች። ለወንዶቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ እህል ሲበዛባቸው የሽንት መስመራቸው በጠጠር ይዘጋል።

ከሁሉ በላይ ዓይኔን ክፍት የሚያስደርገኝ ግን ትል ነው። ሄሞንከስ ኮንቶርተስ የሚባል፣ አራተኛው የጨጓራ ክፍል ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል አለ። ክፋቱ ተቅማጥ አያመጣም። ፍየሏ ትበላለች፣ ታመነዥካለች፣ በጠጧም ደህና ነው፤ ውስጥ ውስጡን ግን ደሟ እያለቀ ነው። አንዳንዴ ምልክቱ የሚታየው ከአገጯ ሥር እብጠት ሲወጣ ነው፣ ያኔ በጣም ርቋል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ፣ ብርሃን ሳይጠፋ፣ አንድ በአንድ ይዤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አደርጋለሁ። ውስጡ ቀይ ወይም ደመቅ ያለ ሮዝ ከሆነ ሂጂ እላታለሁ። ገርጥቶ ወደ ነጭ ከሄደ ደም የለም ማለት ነው። ፋማቻ የሚባል በደቡብ አፍሪካ የተሠራ ካርድ አለ፤ ቀለሙን ከ1 እስከ 5 ደርድሮ ያስቀመጠ ነው፣ ዓይኑን ከካርዱ ጋር ታስተያያላችሁ። ዳለቻ ይህን ነገር አጥብቃ ትጠላለች። አገጯን ስይዝ መሬት ለመሬት ትንፏቀቃለች፣ በደል የተፈጸመባት ይመስል ጎረቤት እስኪሰማ ትጮሃለች፣ ስለቃት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ኪሴን ትፈትሻለች።

«ለምን ለሁሉም በየጊዜው መድኃኒት አትሰጥም?» ይሉኛል። ለሁሉም በየጊዜው ከተሰጠ የሚተርፈው መድኃኒቱን የቻለው ትል ብቻ ነው። ከዚያ እሱ ይራባና መድኃኒቱ ከውሃ እኩል ይሆናል። ስለዚህ የሚሰጠው ለገረጣችው ብቻ ነው፣ መጠኑም በክብደቷ፣ በሐኪም ምክር። መድኃኒቱ ወተት ውስጥ ስለሚገባ የተባለው ቀን እስኪያልፍ ወተቷ ለሰው አይሆንም። ሌላው መከላከያ ቀላል ነው። የትሉ ዕጭ እርጥበት ባለው አጭር ሳር ላይ ነው የሚወጣው። ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቆ ማሰማራት፣ ሳሩ እስከ ሥሩ ሳይጋጥ ቦታ መቀየር፣ ከፍ ካለ ቁጥቋጦ እንዲበሉ ማድረግ። ፍየሏ በተፈጥሮዋ የምትመርጠውም እሱን ነው።

መውለጃቸው ሲደርስ ማየቱ ሌሊትም ይቀጥላል። ፍየል የምታረግዘው 5 ወር ያህል ነው፣ ወደ 150 ቀን። ከመውለዷ 2 ወር በፊት ማለብ አቁሜ አነጥፋታለሁ፤ ግቷም ይረፍ፣ ግልገሉም ይደግ። ቀኗ ሲቃረብ የጅራቷን ሥር ግራና ቀኝ በሁለት ጣቴ እዳስሳለሁ። እዚያ እርሳስ የሚያክሉ ሁለት ጅማቶች አሉ። መውለጃዋ ሲደርስ ይላላሉ፣ ይላላሉ፣ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋሉ። ከጠፉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን አያልፍም። ከዚያ መሬቱን በኮቴዋ ትጭራለች፣ ትተኛለች ትነሳለች፣ ዞር ብላ የራሷን ጎን ታያለች፣ ለሌላ ጊዜ በማትጠቀምበት ዝግ ያለ ድምፅ ታወራለች። ያ ድምፅ ለግልገሏ ነው፣ ገና ሳይወለድ።

ሲመጣ በሁለቱ የፊት እግሮች ላይ አፍንጫው አርፎ ከመጣ እጅ አያስፈልግም። ዝም ብሎ ማየት ነው፣ ይህም ለብዙ ሰው ከባዱ ነው፣ እጅ ይበላል። አጥብቃ እያማጠች ግማሽ ሰዓት ሆኖት ምንም ካልወጣ ግን ዝምታው ያበቃል፣ የሚያውቅ ሰው ወይም ሐኪም ይጠራል። ግልገሉ እንደወጣ አፍንጫውን ማጽዳት፣ እትብቱን አዮዲን መንከር፣ ከዚያ እንገሩ ነው። በሽታ የሚከላከልበትን አቅም የሚያገኘው ከእንገሩ ነው፤ አንጀቱ ይህን የሚቀበለው ደግሞ ለመጀመሪያው አንድ ቀን ያህል ብቻ ነው፣ በየሰዓቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ቆሞ መጥባቱን በዓይኔ ሳላይ፣ ሆዱንም ዳስሼ ሙላቱን ሳላረጋግጥ ጋጣውን አልለቅም።

መንታ መውለድ የተለመደ ነው፣ ሦስትም አለ። እዚህ ላይ ሰው ማውራት የማይወደው ነገር ይመጣል። አንዱ ለመጽሐፍ አንዱ ለወናፍ እንደተባለው፣ ሴቷ ለወተት ትቀራለች፤ ወንዱስ? የወተት መንጋ አንድ አውራ ይበቃዋል። የቀሩት ይኮላሻሉ፣ ይሸጣሉ ወይም ይታረዳሉ። ወተት ፈልጎ ይህን ላለማየት ፊቱን ማዞር አይቻልም፣ ግልገል ከሌለ ወተት የለምና። ወጠጤዎቹን 3 ወር ሲሞላቸው ከሴቶቹ መለየትም አይዘነጋ፤ ትንሽ ናቸው ብላችሁ ከተዋችኋቸው እህትም እናትም አይለዩም።

ዶሮዎቹ ቀላል ናቸው። ጠዋት በር መክፈት፣ ማታ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ ቆጥሮ መዝጋት። ዶሮ አንድ እንቁላል ለመሥራት ከ24 ሰዓት ትንሽ በላይ ይፈጅባታል፤ የምትጥልበት ሰዓት በየቀኑ እየገፋ ይሄድና አንድ ቀን ትዘላለች። ላባዋን ስትቀይር ደግሞ ጭራሽ ታቆማለች። ሁለቱም በሽታ አይደለም። ፍየሎቹ በቆዩበት ቦታ ኋላቸው ገብተው ፍጉን እየጫሩ የዝንቡን ዕጭ ይለቅማሉ፣ ለዚህ ብቻ እንኳ ቀለባቸው አይቆጨኝም። በጎቹ ከፍየሎቹ ጋር ይውላሉ፣ የሚልሱት ጨው ግን ለየብቻ ነው። ፍየል መዳብ ያስፈልጋታል፣ በግ ደግሞ መዳብ ሲበዛበት ይመረዛል። ውሻው ቀን ሲተኛ ውሎ ሌሊት ይሠራል። አህያዋ ውሻ የሚመስል ነገር ሁሉ ስለማትወድ ከእሱ ጋር ለመስማማት ጊዜ ወስዶባቸዋል፣ አሁንም ፍቅር ነው አልልም።

ዕረፍት አለው ወይ? የለውም። ግቷ በዓልም እሑድም አያውቅም። ለአንድ ቀን እንኳ ወጣ ለማለት ማለብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ሲቀየርባቸው ደግሞ ወተቱን ይይዙታል። እኔ ለሚተካኝ ሰው የምሰጠው ወረቀት ላይ ስለ አለባው ያለው ጥቂት መስመር ነው። የቀረው በሙሉ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚወጣ፣ ማን በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ የማን ጩኸት እውነተኛ የማን ደግሞ ቀልድ እንደሆነ ነው። (የዳለቻ ቀልድ ነው።)

«ልጀምር ነው፣ አንድ ፍየል ልግዛ» ለምትሉ፣ አንድ አትግዙ። ብቻዋን የሆነች ፍየል ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ትውላለች፣ አጥርም አያቆማትም፣ ሁለት ይሁኑ። ስትገዙ አፏን ከፍታችሁ እዩ፤ ከላይ የፊት ጥርስ የላትም፣ ከታች ስምንት አሏት፣ ከመሃል ጀምሮ ትልልቅ የሆኑት ጥንዶች በግምት ዓመቷን ይነግሯችኋል። የዓይኗን ቆብ ገልብጡ። ኮቴዋ በጣም አድጎ ከታጠፈ ማንም ሲያያት አልቆየም ማለት ነው። የብሩሴሎሲስ ምርመራ ተደርጎላት እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስትታለብ እዩ፣ ከቻላችሁም እናንተው እለቧት። ሻጩ «ዛሬ ታልባለች፣ ነገ ኑ» ካለ ነገ ሂዱ፤ ግን ከመታለቧ በፊት ድረሱ።